ልክ በጄሶ ወይስ በብርሃን? ስለ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራርና ስለ ዕቃው ንግድ

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቍረጡ አስቀድሞ ደንበኛውን ይለካል። ልኩ የተሳሳተ እንደ ሆነ የጨርቁ ጥራትም ሆነ የሰፊው ብልሃት ስሕተቱን ሊያቃናው አይችልም። ጥርሳቸው በሙሉ ለወለቀ ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያዘጋጀው ባለሙያም ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም። ነገር ግን የሚለካው ትከሻና ወገብ ሳይሆን እርጥብ፣ ለስላሳና ዘወትር የሚንቀሳቀስ የአፍ ውስጥ ገላ ስለ ሆነ፣ ችግሩ ከልብስ ሰፊው ችግር እጅግ የበረታ ነው።

ይህን ልክ ለመውሰድ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲሠራበት የኖረው መንገድ የድድን ቅርጽ በሰም፣ በጄሶና እነዚህን በመሳሰሉ ነገሮች መቅረጽ ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ የአፍን ውስጥ በብርሃን እያነበበ ቅርጹን ለኮምፒዩተር የሚያስተላልፍ፣ ስካነር የተባለ መሣሪያ ወደ ገበያ ወጥቷል። የመሣሪያው ሻጮች የልክ መውሰጃ ዱቄትና ጄሶ ዘመናቸው አልፏል ሲሉ ይሰማል። እንግዲህ የጥርስ ሕክምና ዕቃ የሚያስመጡና በሱቅ የሚቸረችሩ ነጋዴዎቻችን፣ የቀድሞውን ዕቃ ማዘዝ እናቁምን? ወይስ አዲሱን መሣሪያ ችላ እንበል? ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን መንገዶች ጐን ለጐን አስቀምጦ ለነጋዴው ውሳኔ የሚረዳ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

ጉዳዩ የትርፍና የኪሳራ ብቻ አለመሆኑን አስቀድሞ መናገር ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ፣ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በላይ ከሆነ የዓለም ሕዝብ መካከል 7 በመቶ የሚጠጉት፣ 60 ዓመት ከሞላቸው መካከል ግን 23 በመቶ የሚሆኑት ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡ መሆናቸውን ገምቷል። ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ሥጋና ቆሎ ይቀርባቸዋል፤ ንግግራቸው ይሰናከላል፤ በሠርግና በማኅበር መካከል አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይቀመጣሉ። የተሠራላቸው ጥርስ በልኩ ካልሆነ ደግሞ ድዳቸውን ስለሚያቈስለው በመሀረብ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ሐኪሙም፣ ዕቃውን ያስመጣው ነጋዴም ያን ጊዜ አብረው ይወቀሳሉ።

የዕቃው ታሪክ ለነጋዴ የሚያስተምረው

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ቀድሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከዝሆን ጥርስና ከጉማሬ ጥርስ እየተጠረበ ይሠራ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ከእንጨት የተሠራ ጥርስ ነበራቸው እየተባለ ቢወራም፣ በእርግጥ የነበራቸው ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረታ ብረት የተሠራ ነበር። በ1756 በርሊን ከተማ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ፊሊፕ ፋፍ የድድን ልክ በሰም ወስዶ በውስጡ ጄሶ ማፍሰስ እንደሚቻል በመጽሐፉ ገለጸ። ዛሬም በየክሊኒኩ የሚሠራበት መንገድ መሠረቱ ይኸው ነው።

በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ላይ በድኝ የጠነከረ ጎማ ስለ ተገኘ የሰው ሠራሽ ጥርስ መሠረት በርካሽ ዋጋ ከዚህ ጎማ ይሠራ ጀመር። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን የያዘው ኩባንያ እያንዳንዱ የጥርስ ሐኪም የፈቃድ ገንዘብ እንዲከፍል ያስገድድ ነበር፤ እንቢ ያለውንም በፍርድ ቤት ይከስስ ነበር። የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ጆሳያያ ቤከን በ1879 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ በተከሰሰ የጥርስ ሐኪም እጅ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የፈጠራው መብት ጊዜ በ1881 ሲያበቃም ክፍያው አበቃ። ይህን አሳዛኝ ታሪክ እዚህ የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃውን ከገዙ በኋላ ለመጠቀሚያው በየዓመቱ ፈቃድ መክፈል በዛሬዎቹም መሣሪያዎች ላይ ተመልሶ የመጣ ነገር ስለ ሆነ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው ትምህርት ከጦርነት የመጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ልክ ለመውሰድ ይፈለግ የነበረው አጋር የተባለው ዝልግልግ ነገር በብዛት የሚመጣው ከጃፓን ነበር። ጦርነቱ መንገዱን በዘጋው ጊዜ ባለሙያዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ የባሕር አረም መለሱ፤ ዛሬ በዱቄትነት የሚሸጠው አልጂኔት በዚህ ምክንያት ተስፋፋ። ከአንድ አገር ብቻ በሚመጣ ዕቃ ላይ የተመሠረተ ንግድ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በዚያው ዘመን አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ጎማውን ከገበያ አስወጣው፤ እስካሁንም ቦታውን አለቀቀም።

የቀድሞው መንገድ እንዴት እንደሚሠራ

በተለመደው መንገድ ሐኪሙ በመጀመሪያ አልጂኔቱን በውኃ ለውሶ በልክ መውሰጃ ሳሕን ላይ አድርጎ አፍ ውስጥ ያስገባል። ከወጣው ቅርጽ ላይ ጄሶ ፈስሶ የመጀመሪያው ምሳሌ ይሠራል፤ በዚህም ምሳሌ ላይ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ሳሕን ይዘጋጃል። በሁለተኛው ቀን የሳሕኑ ጠርዝ በሙቀት በሚለሰልስ ነገር ይቀባና ታካሚው ከንፈራቸውን እንዲያሞጠሙጡ፣ ምላሳቸውን እንዲያወጡ፣ አፋቸውን ከፍተው «አ» እንዲሉ ይደረጋል። ጉንጭ፣ ከንፈርና ምላስ በመንቀሳቀሳቸው ጠርዙን ራሳቸው ይቀርጹታል። ከዚህ በኋላ የዚንክ ኦክሳይድና የቅርንፉድ ዘይት ድብልቅ ወይም ሲሊኮን ተጨምሮ የመጨረሻው ልክ ይወሰዳል። ቀጥሎ የሁለቱ መንጋጋዎች አገጣጠም ይለካል፤ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው አፍ ውስጥ ይሞከራሉ፤ በመጨረሻም ሰሙ ወጥቶ አክሪሊኩ በሙቅ ውኃ ውስጥ ይበስላል። ታካሚው በጠቅላላው አምስት ጊዜ ያህል መመላለስ ይኖርባቸዋል።

ጠርዙን በእንቅስቃሴ መቅረጽ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ሙሉው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚይዘው ሥርም ሆነ ችንካር ስለሌለው ነው። ሁለት እርጥብ መስታወቶች ተደራርበው ለመላቀቅ እንደሚያስቸግሩ ሁሉ፣ የላይኛው ጥርስም ከላንቃ ጋር ተጣብቆ የሚቀረው በመካከሉ ባለው ስስ የምራቅ ሽፋን ኃይል ነው። አየር በጠርዙ በኩል ሾልኮ ከገባ መያዣው ይፈታል። ስለዚህ ጠርዙ አጭር ከሆነ ጥርሱ ይወድቃል፤ ረዥም ከሆነ ደግሞ ገላን ያቈስላል።

የዚህ መንገድ ድክመት በየደረጃው የሚጨመረው ጥቃቅን ስሕተት ነው። አልጂኔት ከአፍ ከወጣ በኋላ ውኃው ሲተን ይጨማደዳል፤ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ያብጣል፤ ስለዚህ ጄሶው በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊፈስበት ይገባል። ጄሶ ሲደርቅ በጥቂቱ ይሰፋል፤ አክሪሊክ ሲበስል በጥቂቱ ይኰማተራል። ጥሩ ባለሙያ እነዚህን ስሕተቶች አንዱን በአንዱ ያካክሳቸዋል፤ የቸኰለ ግን አፍስሶ ይለቅማል።

አዲሱ መንገድ የሚያመጣው

በብርሃን ልክ የመውሰድ አሳብ የተጀመረው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ በ1973 በሊዮን ከተማ ባቀረበው የማዕርግ ጽሑፍ ነው። በ1985 በስዊስ አገር ዙሪክ ከተማ ሞርማንና ብራንደስቲኒ የተባሉ ሁለት ሰዎች የሠሩት መሣሪያ የአንድን ጥርስ ጉድጓድ መሙያ በታካሚው ወንበር አጠገብ ለመሥራት በቃ። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ በኮምፒዩተር አማካይነት መሥራት እንደሚቻል ጃፓናውያን ባለሙያዎች በ1994 አሳዩ፤ ሥራው በገበያ ላይ መታየት የጀመረው ግን ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው።

ስካነሩ በአፍ ውስጥ ሲዘዋወር በየሰኮንዱ ብዙ ምስሎችን ያነሣል፤ ኮምፒዩተሩም አንዱን ምስል ከሌላው ጋር በሚመሳሰሉ ምልክቶች እየሰፋ ያያይዛቸዋል። ጥርስ ባለበት አፍ ውስጥ የጥርሱ ጫፍና ጠርዝ መልካም ምልክት ይሆናል። ባዶ ድድ ግን ለስላሳ ነው፤ ምራቁ ያብለጨልጫል፤ ምልክቱም ጥቂት ነው። ስለዚህ ስፌቱ ሊዛነፍ ይችላል፤ ስሕተቱም ከአንዱ የመንጋጋ ጫፍ ወደ ሌላው በተሄደ መጠን እየተጠራቀመ ይሄዳል። በተለይ የታችኛው መንጋጋ ምላስና ጉንጭ በሁለቱም ወገን ስለሚገፉት ለስካነር እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ደግሞ ይህ ነው፤ ስካነር የሚያየውን ብቻ ይመዘግባል እንጂ ገላውን አይገፋም። የላንቃን ቅርጽ በመልካም ሁኔታ ይይዛል፤ ነገር ግን ጉንጭና ከንፈር ሲንቀሳቀሱ ጠርዙ የት መቆም እንዳለበት በቀጥታ አይነግረንም። በሕክምና ቦታ በተደረጉ ማነጻጸሪያዎችም፣ በአፍ ውስጥ ስካነር ብቻ ተለክቶ የተሠራ የላይኛው ጥርስ መሠረት ከላንቃ ጋር በደንብ ቢገጥምም፣ ጠርዙ በእጅ ተቀርጾ ከተሠራው ይልቅ የመያዝ ኃይሉ አንሶ የተገኘበት ጊዜ አለ።

እንዲህም ሆኖ የስካነሩን ጥቅም መካድ አይገባም። ልክ መውሰጃው ሳሕን ወደ ጉሮሮ ሲጠጋ የሚያስታውካቸው፣ አፋቸውን በሰፊው መክፈት የማይችሉ፣ ድዳቸው ልል ሆኖ በትንሽ ግፊት የሚተኛ ሰዎች በስካነር ይገላገላሉ። ሌላው ታላቅ ጥቅም መዝገቡ ነው። ታካሚው ጥርሳቸው ቢሰበር ወይም ቢጠፋ፣ በኮምፒዩተር ከተቀመጠው ቅርጽ እንደገና ልክ ሳይወሰድ ሌላ ማዘጋጀት ይቻላል።

ከልኩ በኋላ ያለውን ሥራ በሚመለከት ደግሞ አዲሱ መንገድ ብልጫው ጐልቶ ይታያል። ጥርሱ በፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ጠንክሮ ከተዘጋጀ የአክሪሊክ ክብ ሰሌዳ ላይ በማሽን ሲፈለፈል፣ መኰማተሩ አስቀድሞ ያለቀ ስለ ሆነ በልኩ ይወጣል፤ ጥንካሬውም ያይላል። ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ የሚባለው ማሽን ደግሞ በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫን በንጣፍ በንጣፍ እያደረገ ይሠራል። የማተሚያው ዋጋ ይቀንሳል፤ የሚባክነውም ዕቃ ጥቂት ነው። በአጠቃላይ ሲታይ ግን የታተመው ከተፈለፈለው በጥንካሬ ያንሳል። የታካሚው ምልልስም ከአምስት ወደ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሊወርድ ይችላል፤ ከሩቅ አውራጃ ለሚመጡ ሽማግሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መካከለኛው መንገድ

እንግዲህ ብዙ አስተዋይ ባለሙያዎች የያዙት ሁለቱን ማጋባት ነው። ሐኪሙ ጠርዙን እንደ ቀድሞው በእጁ ቀርጾ ልኩን በሲሊኮን ይወስዳል፤ ከዚያም ያ ልክ ራሱ በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ስካነር ተነቦ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ጥርሱም በማሽን ይሠራል። በዚህ ዓይነት የእጅ ብልሃትና የማሽን ትክክለኛነት በአንድ ላይ ይገኛሉ። ለነጋዴው ትርጕሙ ግልጽ ነው፤ ሲሊኮኑ፣ ሳሕኑና የጠርዝ መቅረጫው ገና ፈላጊ አላቸው። በመጀመሪያ ፍላጎቱ የሚቀንሰው ለጄሶ፣ ለሰምና ለሚበስለው አክሪሊክ ነው፤ እርሱም ማሽኑ በገባበት ቦታ ብቻ ነው።

የዋጋው ስሌት

የቀድሞው መንገድ ወጪ ከሥራው ብዛት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ የአዲሱ መንገድ ወጪ ግን አስቀድሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ስሌቱ እንዲቀል የአንድ መሣሪያ ዋጋ 1,000,000 ብር ነው፣ የሚያገለግለውም 5 ዓመት ነው ብለን እንነሣ። አንድ ክሊኒክ በወር 4 ሙሉ ጥርስ ቢሠራ በ5 ዓመት 240 ይሆናል፤ እያንዳንዱም ከመሣሪያው ዋጋ 4,167 ብር ያህል ይሸከማል። በወር 20 የሚሠራ ግን በ5 ዓመት 1,200 ስለሚሠራ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 833 ብር ብቻ ነው። የፈቃድ፣ የጥገናና የመብራት ወጪ ገና አልተቈጠረም። ስለዚህ መሣሪያው ለብዙ ክሊኒኮች በጋራ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ያዋጣል፤ በወር ጥቂት ሰው ለሚያስተናግድ ክሊኒክ ግን ዕዳ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገም፣ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል የዓመት ፈቃድ በብር ሲመነዘር ዛሬ ከታሰበው ሊበልጥ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የሚጠቅም ምክር

1ኛ፤ የቀድሞውን ዕቃ ማዘዝ አታቋርጡ፤ ነገር ግን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እዘዙ። አልጂኔትና ጄሶ እርጥበትና ሙቀት ያበላሻቸዋል፤ የመጠቀሚያቸው ጊዜ ካለፈ ሐኪሙ እጅ ላይ ይከዳሉ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲሸጥ መደርደሪያውን አስተካክሉ።

2ኛ፤ የአክሪሊኩ ፈሳሽ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ደንብ ከአደገኛ ዕቃዎች ተቈጥሮ ቍጥር 1247 ተሰጥቶታል። ለአጓጓዡ ሳታስታውቁ ከሌላ ዕቃ ጋር አትጫኑት፤ በመጋዘንም ከእሳትና ከፀሐይ አርቁት።

3ኛ፤ ሲሊኮን የምትሸጡ ሰዎች ለደንበኛችሁ ስለ ጓንቱ ንገሩ። ላቴክስ የተባለው የጎማ ጓንት በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት አንዳንዱን ሲሊኮን እንዳይጠነክር ያደርገዋል፤ ሐኪሙም ጥፋቱ የሲሊኮኑ ይመስለዋል። አብሮ የሚሄደው የናይትራይል ወይም የቪኒል ጓንት ነው።

4ኛ፤ ስካነር ከማዘዛችሁ በፊት ፋብሪካውን እነዚህን ጠይቁ። የሚያወጣው መዝገብ ኤስ.ቲ.ኤል. በሚባለው፣ ማንኛውም ማሽን ሊያነብበው በሚችል ዓይነት ነውን? ወይስ በራሱ ፋብሪካ ማሽን ብቻ የሚነበብ ነው? የዓመት ፈቃድ አለውን? ፈቃዱ ቢቋረጥ መሣሪያው መሥራቱን ያቆማልን? አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ስንት ጊዜ በእንፋሎት ሊነጻ ይችላል? የተበላሸውስ የት ይጠገናል?

5ኛ፤ የመፈልፈያ ማሽን ከሆነ 98 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የተለመደ ሰሌዳ መቀበሉን አረጋግጡ። የራሱን ሰሌዳ ብቻ የሚቀበል ማሽን የገዛ ሰው ለዘለቄታው ለአንድ ሻጭ ተገዥ ይሆናል። ማተሚያ ከሆነም ሙጫው ከማሽኑ የብርሃን ዓይነት ጋር፣ ማለት ከ385 ወይም ከ405 ናኖሜትር ጋር የሚስማማ መሆኑን ጠይቁ፤ ካልተስማማ ሙጫው በልኩ አይጠነክርም።

6ኛ፤ የመብራት መቋረጥና የኃይል መዋዠቅ እነዚህን ማሽኖች ስለሚጐዳ፣ የኃይል ማስተካከያና የመጠባበቂያ ባትሪ አብራችሁ አቅርቡ። ይህ ራሱን የቻለ ሽያጭ ነው፤ ደንበኛውንም ከጉዳት ያድናል።

7ኛ፤ የሕክምና መሣሪያ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ የሚገባ አይደለም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት ቍጥጥሩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አስፈላጊውን ፈቃድ ጨርሱ።

ለላኪዎችም አንድ ቃል እንጨምር። የአፍ ልክ በኮምፒዩተር መዝገብ ከሆነ መርከብም ሆነ ካርቶን ሳያስፈልገው ድንበር ይሻገራል። ይህ ማለት የአገራችን ክሊኒክ ሥራውን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ሊልክ ይችላል ማለት ነው፤ የሠለጠኑ ወጣቶች ካሉን ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን መዝገብ እዚሁ ተቀብለው ጥርሱን በኮምፒዩተር ነድፈው ሊመልሱ ይችላሉ። በሩ ለመጪውም ለሂያጁም ክፍት ስለ ሆነ ቀድሞ የተዘጋጀ ይጠቀምበታል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠው የሻጩ ቃል ነው። ስካነሩን ሲሸጥ «ከእንግዲህ በእጅ ልክ መውሰድ ቀረ» ብሎ የሚናገር ነጋዴ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ይሸጥ ይሆናል። ታካሚው ጥርሳቸው በምግብ መካከል በወደቀባቸው ጊዜ ግን ሐኪሙ ወደዚያ ሱቅ ሁለተኛ አይመለስም። «መሣሪያው ለዚህ ይረዳሃል፤ ለጠርዙ ግን እጅህንና ሲሊኮንህን አትተው» ብሎ እውነቱን የሚነግረው ነጋዴ ሁለቱንም ዕቃ ይሸጣል፤ ደንበኛውንም ያቈያል። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቍረጥ የልብስ ሰፊ ብቻ ሳይሆን የአስመጪም ደንብ ነው።